ሊኑክስ ለመቀየር የተመረጠ ቀን

— ሄሎ? … ሄሎ፣ ማን ልበል? … ኢልፖ! እንዴ፣ አንተ ነህ? ድምፅህ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። … አዎ፣ ኦሉ ከተማ ገብተናል። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ነን፤ አዳራሹ እስኪከፈት ኮሪደሩ ላይ ቆመን እየጠበቅን ነው። … ደህና ናት፣ ልጅህ ደህና ናት። ጥቁር ቀሚሷን ለብሳ ኮሪደሩን ወዲያና ወዲህ ትለካለች። … ቁርስ? ቁርስማ አልቀመሰችም። በዚህ በአንተ ነው የወጣችው። … እግርህስ? ጀሶው አላሳከከህም? … እሱን ተወው፣ ድምፅህ ደስ አላለኝም። ምን ሆነሃል?

ሂልካ ጀርባዋን ለእንግዳው ሁሉ ሰጥታ ወደ መስኮቱ ጠጋ አለች። ከዚህ ሰውዬ ጋር ብዙ ዘመን በትዳር ኖራ፣ ተፋትታ፣ ሌላ ባል አግብታ እንኳ አንድ ነገር አልረሳችም፦ ኢልፖ «ምንም አልሆንኩም» ካለ ኮምፒውተሩ ሆኗል ማለት ነው።

— ኢልፖ፣ እውነቱን ንገረኝ። ኮምፒውተሩን ምን አደረግኸው? … «ትንሽ ማስተካከያ» ማለት? … ኢልፖ። … ሊኑክሱን ቀየርከው እንዴ? … መቼ? … ዛሬ? ዛሬ ጠዋት?! … አንተ ሰው! ልጅህ ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ በዚያ ሁሉ ሊቅ ፊት ዶክትሬቷን ልትሟገት፣ አንተ በረዶ አንሸራትቶህ እግርህን ሰብረህ ቤት ቀርተህ፣ በኮምፒውተር ካልሆነ በምንም ልታያት እንደማትችል እያወቅህ… ጠዋት ተነሥተህ ሊኑክስ ቀየርክ?

— አይ ታርሞ፣ ማንም አልሞተም። ኢልፖ ነው። … አዎ፣ እንደገመትከው ነው። አንተ ኬኩን ብቻ ከዚያ አንሣልኝ! ማሞቂያው እኮ መስኮቱ ሥር ነው፤ የዳቦ ኬክ ነው፣ ክሬሙ ቀልጦ ላዩ ያለው የሳልሞን ዓሣ ሊዋኝበት ነው።

— ይቅርታ፣ ለባሌ ነው። … ሰላም ብሎሃል። … ልቤን አታንጠልጥለው፣ ቀጥል። ከሂርቪ ወጥተህ ወዴት ገባህ? … ካርፓሎ? … ካርፓሎ ነው ያልከኝ?

ኮምፒውተር አስነሥቶ የሚያሠራው ሊኑክስ ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ቤቱ ብዙ ነው፤ ከቤት ወደ ቤት ሲዞሩ ዕድሜያቸውን የሚጨርሱም አሉ። ኢልፖ ዟሪ አልነበረም። ሂርቪ በሚባለው ቤት ጎልምሶ፣ እዚያው ሸብቶ፣ ሌላ ቤት የገባውን ሁሉ ሃይማኖቱን እንደለወጠ ሰው በጎን ያየው ነበር። ካርፓሎ ደግሞ የመናኞች ቤት ነው፤ ሠሪው ኩባንያ «ውስጡን አላሳይም» ያለውን ፋይል በደጁ አያሳልፍም።

— እሺ። አልተቆጣሁም። ተቆጥቼ ቢሆን ኖሮ በሙሉ ስምህ ነበር የምጠራህ። ምኑ ነው እምቢ ያለው? … ዋይፋዩ። ታይቶ አልገናኝ አለ ወይስ ጭራሽ አይታይም? … ጭራሽ። ደህና፣ ከቀላሉ እንጀምር። ከላይ በኩል የአውሮፕላን ሥዕል ያለባት ቁልፍ አለች… እንደምታውቅ አውቃለሁ፣ ግን ተጫናት። … ኢልፖ፣ አንተ በዚያ በሊኑክሰኞች መድረክ ላይ አዲስ ሰው ጥያቄ ይዞ በመጣ ቁጥር «መጀመሪያ መመሪያውን አንብብ» እያልክ የምታባርር ሰው ነህ። ዛሬ መመሪያው እኔ ነኝ። ተጫናት። … ምንም? … እሺ፣ እሷ አይደለችማ።

— አሁን ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁሩን መስኮት ክፈትና ሲነሣ ያጉረመረመውን አንብብልኝ። ሁሉንም አይደለም፣ ቀይ የሆነውን ብቻ። … ቀስ በል። … «ፋይሉ አልተገኘም»። የማን ፋይል? … የዋይፋዩ ካርድ። በቃ፣ ታወቀ። ካርዱ ሲነቃ የሚያነበው ፋይል አለ፤ ያንን ፋይል ካርፓሎ «የተዘጋ ነው» ብሎ ከደጅ መልሶታል። ካርዱ አልተበላሸም፣ ተርቦ ነው። … በሂርቪ ጊዜማ ይሠራል! ሂርቪ ሳይነግርህ ያበላው ነበራ። … አዎ፣ ለዚህ ነው የወጣኸው፣ አውቃለሁ።

— ፋይሉን አውርድ እንዳልልህ ለማውረድ ዋይፋይ ይፈልጋል፤ ዋይፋዩ ደግሞ ፋይሉን ይፈልጋል። … አዎ፣ ቁልፉ ሳጥኑ ውስጥ ተቆልፎበት። … የሂርቪ ፍላሽህስ? እሱን ሰክተህ ለዛሬ ብቻ ከእሱ ብታስነሣው… የት አለ? … ካርፓሎን በላዩ ላይ ጫንክበት? … ስንት ፍላሽ ነው ያለህ? … አንድ። ቤት ሙሉ ሽቦ፣ ፍላሽ አንድ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ።

— ዘመናዊ ስልክ እንኳ ቢኖርህ… እሺ፣ እሺ፣ አልጀምርም። ባለ ቁልፏ ስልክህ ክብር ይግባት፤ ይኸው የምናወራው በሷ ነው። … ጎረቤትህ አለ አይደል? ያ ኦስሞ። በሩን አንኳኩና «ልጄን ላያት ነው» በለው። … ለምን? … «አንተዋወቅም»? ኢልፖ፣ ከዚያ ሰው ጋር በየክረምቱ አንድ ግቢ በረዶ ትዝቃላችሁ! … እና በአካፋ ብቻ ነው የምትተዋወቁት። … ይገባኛል። እኔም ብሆን አላንኳኳም።

— ሶይንቱ መጣች፣ ዝም በል። … አቤት የኔ እመቤት? … አዎ፣ አባትሽ ነው። … ሰላም ነው፣ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። … አይ፣ ኮምፒውተሩን አልነካም። … ኧረ አልነካም! ምን ቆርጦት በዚህ ቀን ይነካል? … እሺ፣ እነግረዋለሁ። ሂጂ፣ ፕሮፌሰሩ እየፈለገሽ ነው። አንገትጌሽን አስተካክዪ!

— ሄሎ? ሰማኸኝ? በልጄ የዶክትሬት ቀን ዋሸሁልህ። … ምን አለች መሰለህ? «መጀመሪያ የማሰማው የእኛን ቅጂ ነው በዪው» አለች። የትኛው ቅጂ ብላት «እሱ ያውቀዋል» ብላኝ ሄደች። … ታውቀዋለህ? … ታዲያ ለምን ድምፅህ ጠፋ?

ሶይንቱ የምትሟገትበት ጽሑፍ የሐይቅ በረዶ ስለሚያሰማው ድምፅ ነው፤ ሲወፍር ስለሚያቃስተው፣ ሲሰነጠቅ ስለሚዘፍነው፣ ጸደይ ሲነካው ስለሚያጉረመርመው። ማዳመጥ ያስተማራት አባቷ ነበር። ልጅ ሳለች በረዶው ላይ በሆዷ አስተኝቶ ጆሮዋን ያስለጥፋትና ድምፁን አብረው ይቀዱት ነበር፤ እናትየዋ ከዳር ቆማ ስታጉተመትም።

— አሁን ስማኝ። ዋይፋዩን ተወው፣ ገመድ እንፈልግ። ራውተሩ መግቢያው በር ጋ ነው አይደል? አንተ ሳሎን ነህ። ላፕቶፕ ታቅፈህ በክራንች መሄድ የለም፤ ረጅም ገመድ ነው የሚያስፈልገን። ያ ቢጫው። … አዎ ያ፣ በረንዳ ድረስ የሚደርሰው። … ሳውናው ውስጥ ነው። … ሳውናው ውስጥ ነው ስልህ! ከላይኛው መቀመጫ ሥር፣ ሰማያዊ ባልዲ ውስጥ፣ ከገና መብራቱ ጋር። … እኔ ነኛ ያስቀመጥኩት! … አሁንም ዕቃ ቤት አድርገኸዋል? እኔ ከወጣሁ እንኳ ገብተህ እንፋሎቱን ትሞቃለህ ብዬ ነበር። በዚህ አገር ሳውናውን በሽቦ የሞላ ሰው አንተ ብቻ… እሺ፣ ታርሞም የመኪና ጎማ ይከትበታል። ሂድ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ተወው። ቀስ እያልክ፣ ሁለተኛውን እግር እንዳትደግመው።

ሂልካ ጠበቀች። የክራንቹ ኳኳታ እየራቀ ሄደ፤ በር ተከፈተ፤ አንድ ነገር ተጎተተ፤ ከዚያ ጣሪያ የተናደ የሚመስል ድምፅ መጣ።

— ኢልፖ? … ኢልፖ! የወደቅኸው አንተ ነህ ወይስ ዕቃው? … ሄሎ! … አይ ታርሞ፣ እኔ ምኑን አውቄ፣ የሆነ ነገር ተንኮታኮተ። … ኬኩን ለምን ታቅፈኸዋል? አስቀምጠው እንጂ፣ እንደ ሕፃን ይዘኸው ትዞራለህ? … ይቅርታ ያድርጉልኝ እመቤቴ፣ ጮኽኩ መሰለኝ። … አዎ፣ ስገባ ስልኩን አጠፋዋለሁ። አመሰግናለሁ።

— ሄሎ! እህ? … የበረዶ መንሸራተቻዎቹ ናቸው? እፎይ። እነሱስ አጥንት የላቸውም። … አገኘኸው? … ሰማያዊው ባልዲ ውስጥ? … ነግሬህ የለ። መብራቱን ፈታህለት? … እንዳለ ጎትተህ አመጣኸው! ይሁን፣ ጌጠኛ ገመድ ነው። አንዱን ጫፍ ራውተሩ ላይ… ሰካኸው። ሌላውን ላፕቶፑ ላይ፣ ቀጭ እስኪል። … መብራቱ በራ? አረንጓዴው ነው ወይስ የገናው? … አረንጓዴው። ተመስገን። በል የዩኒቨርሲቲውን ገጽ ክፈት።

— ታየህ? … ምን ማለት ነው «ጥላ ይታየኛል»? … ስክሪኑ ደብዝዞ ቀረ? ብርሃን መጨመሪያዋስ? … እሷም አትታዘዝም። ፀሐዩ በየት በኩል ነው የሚገባብህ? … እና መጋረጃውን ዝጋዋ! … ጥሩ። አንዳንዱ ችግር መፍትሔው መጋረጃ ነው፤ መድረካችሁ ላይ ጻፉት። … አሁንስ? … አዎ፣ ባዶ ወንበሮች፣ አዳራሹ እሱ ነው። … ያ መነጽር ያደረገው? ማይክሮፎኑን የሚያስተካክለው ልጅ ይሆናል። ምን እያለ ነው? … እንዴት አትሰማም? … ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ?

ሂልካ ዐይኗን ጨፈነች።

— ድምፁን ከፍ አድርገው። … ሙሉ ነው። የጆሮ ማዳመጫ ሰክተህ ሞክር። … በሱም የለም። ቅንብሩ ውስጥ ግባና የድምፅ ማውጫ የሚለውን እየው። ስንት አለ? … አንድ። ምን ይላል? … «የውሸት ማውጫ»። ምስኪን፣ ለይምሰል የቆመ ነው። ኢልፖ፣ የድምፁም ካርድ ነገሩ ያው ነው። እሱም ሲነቃ የሚያነበው የተዘጋ ፋይል አለው፤ ካርፓሎ እሱንም አላስገባውም። … እርግጠኛ ነኝ። አንተም እርግጠኛ ነህ፣ ከእኔ አፍ ልትሰማው ፈልገህ ነው እንጂ።

— አሁን ግን ገመዱ ገብቷል። የቀረችህ አንዲት መስመር ናት። የተዘጉትን ፋይሎች ከጓሮ ታስገባና አጥፍተህ ታበራዋለህ፣ አለቀ። … ኢልፖ? … ትሰማኛለህ? … «አይሆንም» ማለት? … ያለ ድምፅ ልታያት ነው? … ከንፈሯን እያነበብክ? ኢልፖ፣ ልጅቷ የምትሟገተው ስለ ድምፅ ነው እኮ! ስለ በረዶ ድምፅ! በረዶ ከንፈር አለው?

— መርህ ነው፣ አውቃለሁ። … አንብቤዋለሁ። … አዎ፣ ባለፈው ሳምንት መድረኩ ላይ ያወጣኸውን። «በተዘጋ ፋይል ከምሰማ ብደነቁር ይሻለኛል» ብለህ ነው የዘጋኸው። … እስከ መጨረሻው አነበብኩት፣ ምን አለበት? ሰው ልብ ወለድ ያነብ የለም? … ስንት ሰው አጨበጨበልህ? … ይኸው። እነሱ ዛሬ ልጅ የላቸውም አዳራሽ ውስጥ።

— ቆይ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህና ሳትሸሽ መልስልኝ። ጽሑፉን ያወጣኸው ባለፈው ሳምንት ነው። ሂርቪ ውስጥ ግን እስከ ዛሬ ጠዋት ነበርክ። መርህ ከሆነ በዚያው ቀን አትወጣም ነበር? ለምን ዛሬ? … እየሰማሁ ነው። … የገና ዋዜማ? … አዎ፣ ከሶይንቱ ጋር ስታወሩ ድምፁ ተቋርጦ። ነግራኛለች። … «አባዬ፣ ትሰማኛለህ?» ስትል… አንተ አፏን ብቻ እያየህ። … ሂርቪ ዛሬም እንዳይደግመው ፈራህ። ካርፓሎ ጥሩ ነው ሲሉ ሰማህ። … እ። … መርሁ በኋላ ነው የመጣው በለኛ።

ሂልካ ሳቋ አመለጣት።

— አልሳቅኩብህም። … እሺ፣ ትንሽ ስቄያለሁ። ድምፁ እንዳይቋረጥ ብለህ ድምፁን አጠፋኸው! … አይ አንተ፣ ሌላ ሰው ቢሆን ባትሪ ሞልቶ ይቀመጣል።

— ስማ፣ ጊዜ የለንም። ትእዛዟን አልነግርህም፣ ታውቃታለህ። … ለማንም አልናገርም። ሶይንቱም አትሰማ። ታርሞ እንደሆነ ሊኑክስ የሳሙና ስም ይመስለዋል። ነገ ጠዋት ፋይሎቹን ከነሥራቸው ነቅለህ ጣል፤ ንስሐህን ግባ፣ ስግደቱንም ስገድ። … አይ፣ አልለምንህም። ስለምንህ አንድ ቀን እንኳ ሰምተኸኝ አታውቅ። እኔ የምለው፣ ልጅቷ «የእኛን ቅጂ» ብላሃለች። የኔን አላለችም። ከዚህ በኋላ የራስህ ጉዳይ ነው።

ኮሪደሩ ላይ የአዳራሹ በር ተከፍቶ ሰዉ መግባት ጀመረ። ከዚያ በስልኩ ጠቅ… ጠቅ… ጠቅ የሚል ነገር መጣ፤ ኢልፖ በሁለት ጣት ነው የሚጽፈው፣ ሲያፍር ደግሞ በአንድ።

— እየጻፍክ ነው? … አይ፣ ምንም አላልኩም፣ አይጥ መስሎኝ ነው። … እያወረደ ነው? … በገናው መብራት መሐል እየተሹለከለከ፣ አዎ። … አለቀ? አጥፍተህ አብራው። … ታርሞ፣ ግቡ፣ ግቡ፣ እኔ መጣሁ! ከፊት ወንበር ያዝልኝ። … አይ፣ እሱ አይያዝም፣ እሱ የኢልፖ ነው። … ባዶ እንደሚሆንማ አውቃለሁ! ባዶ ይሁን ያለችው ሶይንቱ ናት። ኬኩን እንዳታስቀምጥበት!

— ተነሣ? … ጥቁር? … ጥቁር ብሎ ቀረ? … አትንካው። ኢልፖ፣ አትንካው፣ አዲስ ፋይል እየዋጠ ነው፣ ጊዜ ስጠው። … ጠብቅ። … ጠብቅ። … መጣ? … ማውጫው አሁን ስንት ነው? … ሁለት! የውሸቱና የእውነቱ። እውነቱን ምረጥና ገጹን ክፈት። … እህ? … ኢልፖ? … ምን ትሰማለህ? … እኔማ ኮሪደር ላይ ነኝ፣ በሰው ጫጫታ ምን ይሰማኛል። … መነጽራሙ ልጅ ቅጂዋን እየሞከረ ነው? ስልኩን ወደ ላፕቶፑ አስጠጋው እስቲ።

መጀመሪያ ነፋስ መጣ። ቀጥሎ በረዶው፤ ከሐይቁ ማዶ ተነሥቶ ከሥር ከሥር እየሮጠ የሚመጣ፣ የተወጠረ ረጅም ሽቦ ሲመታ የሚያስተጋባውን ዓይነት ድምፅ። ሂልካ ሌላኛውን ጆሮዋን በጣቷ ደፈነች።

— እሰማለሁ። … እሰማዋለሁ አልኩህ፣ ዝም በል። … ውይ፣ እንዴት ያለ ነው! … ቆይ፣ ይቺ የምትነዘንዘው ሴት ማን ናት? «እግሬ ደነዘዘ፣ ልጅቷን ከበረዶው ላይ አንሣት» የምትለው? … እኔ? … እኔ ነኝ?! … እና ይህንን በፕሮፌሰሮች ፊት ልታሰማው ነው? ቆርጣ አላወጣችውም? … አንተ ነህ «አትቁረጪው» ያልካት? … አይ አንተ ሰው! አፌ ዩኒቨርሲቲ ገባ በለኛ። … «ሽሽ እማዬ» ያለችው እሷ ናት? ያን ጊዜ ገና ጥርሷ በቅሎ አላለቀም እኮ። እንግዲህ ከዚያ ጀምሮ ዝም በይ እያለችኝ ነው። … አይ፣ አላለቀስኩም። የኬኩ ሽንኩርት ነው። … ታርሞ ቢገባስ? ሽታው ይቀራል።

— እሺ፣ በበሩ ይታየኛል፣ ሰዉ ከመቀመጫው እየተነሣ ነው። ልትገባ ነው፣ ከነፕሮፌሰሮቿ ተሰልፈው። … ታያታለህ? … ያምርባታል አይደል? … አንገትጌውን አላስተካከለችም፣ ብያት ነበር። … ልዘጋው ነው፣ እኔም ልግባ። … ምን? … ምን የሚል ጽሑፍ ወጣ? … «አዲስ ማሻሻያ ተገኝቷል፣ አሁን ይጫን?» … ኢልፖ። … ኢልፖ፣ ስማኝ። እጅህን ከዚያ ላይ አንሣ። … «ትንሽ ናት» አትበለኝ! … ሁለቱንም። … ከሥርህ አድርጋቸውና ተቀመጥባቸው። … ተቀመጥክ? … ታዲያ ስልኩን በምን ያዝከው? … በትከሻህ። ጎበዝ። በረዶው አልቆ ጭብጨባ እስክትሰማ ድረስ እንደዚያው ሁን። … አይ፣ አትቸገር፣ እኔ ልዝጋው። አንተ እጅ የለህም።